ለኢንሹራንሱ ያልተነገረው መወጣጫ

ዮርዳኖስ፣ ኢርቢድ ከተማ ውስጥ ብረት ስበይድ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የመኪናውን ቅርጽ የሚያስለውጥ ሰው ሁሉ ለታይታ የሚያደርገው ይመስላችሁ ይሆናል። ጎረቤቴ አቡ ሚስባህ ግን ሚኒባሱን ያስለወጠው ለሚስቱ ሲል ነው።

ሚስቱ ኡም ሚስባህ ስትሮክ መትቷት እግሮቿ ከከዷት ወዲህ ከቤት መውጣት ጠልታ ነበር። ባሏ ተሸክሞ መኪና ውስጥ ሊያስገባት ሲታገል ሰፈሩ ቆሞ ያያል። አንድ ቀን "እንደ ሩዝ ጆንያ አታንሳኝ!" ብላ አለቀሰችበት። በማግስቱ እኔ ጋ መጣ። የመሐል ወንበሮቹን ነቅለን ከነዊልቸሯ የምትገባበት የብረት መወጣጫ ሠራን፤ ወለሉ ላይም ዊልቸሩን የሚይዝ ማሰሪያ በየድኩ።

ሥራው ሲያልቅ "ለኢንሹራንሱ ትነግራቸዋለህ አይደል?" አልኩት።

"ምን ብዬ? መኪናው የኔ፣ ሚስቲቱ የኔ! ብነግራቸው ሰበብ አግኝተው ዋጋ ይጨምሩብኛል እንጂ ምን ሊጠቅመኝ?"

"እሱስ ልክ ነህ" አልኩት። በዚህች ቃል እስከ ዛሬ እጸጸታለሁ።

ያን ዓመት ኡም ሚስባህ ያልደረሰችበት የለም። ገበያ ትሄዳለች፣ ሠርግ ትጠራለች፣ ዓርብ ዓርብ አጅሉን ከተማ ወንድሟ ዘንድ ትውላለች። የወይራ ለቀማ ሲደርስም ከዛፍ ሥር ሆና ፍሬውን ከቅጠሉ እየለየች "እናንተ እግር ስላላችሁ ትንከራተታላችሁ፤ እኔ ሥራ እሠራለሁ" እያለች ለቃሚዎቹን ታስቃቸው ነበር።

ከለቀማው ሲመለሱ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጣለ። ቁልቁለቱ ላይ ሚኒባሱ ተንሸራቶ ከአንድ ሰው የድንጋይ አጥር ጋር ተላተመ። ማሰሪያው ዊልቸሯን ስለያዘላት ኡም ሚስባህ ክንዷ ብቻ ተላጠ። የመኪናው ፊት ግን እንዳልነበረ ሆነ።

ጉዳቱን ለመገመት ከኢንሹራንስ ኩባንያው ሱሀይር የምትባል ኢንጂነር መጣች። ጋራዤ ውስጥ መወጣጫውን ዞራ ዞራ አየችው።

"የሠራው ሰው እጁ ይባረክ" አለችና ወደ አቡ ሚስባህ ዞረች። "ግን አባቴ፣ እኛ ዘንድ የተመዘገበው መኪና ወንበሩ ሙሉ ነው፤ ብረትም አልተጨመረበትም። መለወጡን አሳውቀውን ነበር?"

"ልጄ፣ ለሚስቴ እኮ ነው ያሠራሁት! ለእሽቅድምድም አይደለም።"

"ይገባኛል። ውሉ ግን ለምን ተለወጠ አይልም፤ ከተለወጠ ቀድማችሁ አሳውቁ ነው የሚለው። ነግረውን ቢሆን መጥተን አይተን ውሉ ላይ እንጽፈው ነበር።"

ኩባንያው ሕጉ ስለሚያስገድደው አጥሩ ለፈረሰበት ሰው ካሰ። ለሚኒባሱ ግን አልከፍልም አለ። አቡ ሚስባህ ቢያመለክት፣ ቢማጸን፣ መልሱ ያው ሆነ።

ኡም ሚስባህ ያን ክረምት እንደገና ቤት ዋለች። ዓርብ ዓርብ የክት ልብሷን ለብሳ መስኮቱ ዳር ትቀመጣለች፤ የምትሄድበት ግን የለም። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ አቡ ሚስባህ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ "ለሷ ብዬ ሠራሁ፣ በገዛ እጄ መልሼ ነጠቅኳት" አለኝ።

እሷ ለካ ትሰማለች። "ና እስቲ እዚህ፣ አንተ ሞኝ ሽማግሌ!" አለችው። "ያሠራኸው ማሰሪያ ነፍሴን አትርፏል። ያጠፋኸው ወረቀቱ ላይ ነው፤ ወረቀት ደግሞ ይስተካከላል። ሁለተኛ ስታሠራ ግን እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፤ ለወረቀት አትታመንም።"

በጸደይ አሮጌ ሚኒባስ ሲገዛ፣ እኔ ብረት ከመቁረጤ በፊት ሦስታችንም በታክሲ ኢንሹራንሱ ቢሮ ሄድን። የመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱን ፈቃድ አምጡ አሉን፤ አመጣን። ዋጋው ትንሽ ጨመረ። ጸሐፊው መወጣጫውን ውሉ ላይ ሲጽፍ ኡም ሚስባህ "አንብብልኝ" አለችው። አነበበላት። "ድገመው" አለችው። አቡ ሚስባህ በሳቅ ፈረሰ።

ወገኖቼ፣ መኪናችሁን ለፍቅርም ሆነ ለጌጥ ስታስለውጡ አስቀድማችሁ ኢንሹራንሳችሁን ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። እኔ ዛሬ ያንን ወረቀት ሳላይ አልበይድም። አንዳንዱ ደንበኛ ተናዶ "በያጅ ነህ ወይስ ጠበቃ?" ይለኛል። ወንበር ስቤ አስቀምጠውና ኡም ሚስባህ ቤት የዋለችበትን ክረምት እነግረዋለሁ።