አስራ ሰባት ደቂቃ

ዌንደል ሃስኪን ከራሱ ቫን ኋላ፣ ከብረት መጎተቻው ጋንቾ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ሸሚዙ ከፊት ረጥቧል፤ ከጀርባው ሥር ያለው ሣር ግን እንደ ድርቆሽ ደርቋል። የፖሊስ መርማሪዋ ሎርና ፔልቲየር እጇን ከሬሳው ሥር ሰደደችና ሣሩን ዳበሰች። ከዚያም ቀና ብላ ሰማዩን አየች።

«ዝናቡ ስንት ሰዓት ላይ ነበር?»

«አስር ተኩል አለፍ እንዳለ» አለ ረዳቷ ሃርላን። «አስር ደቂቃም አልቆየም።»

«በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያየውስ?»

«የመኪና ማቆሚያው ጥበቃ ነው። አስር ሰዓት ከአስር ላይ በዚህ በር ሲያልፍ ሰላም ብሎታል። የልብ መድኃኒቴን ቫኑ ውስጥ ረሳሁ ብሎት ነበር።»

«እንግዲያው ፍለጋችን ሃያ ደቂቃ ውስጥ ነው» አለች ሎርና። ጉልበቷን ይዛ ተነሣች። የጋንቾው ጫፍ ላይ ደምና ፀጉር ነበር። ሰውየው ተገፍትሮ ነው የወደቀው።

ከኮረብታው ማዶ ላንተርን ሂል የተባለው ባንድ ያን ቀን ለሦስት ሺህ ሰው ተጫውቶ ነበር። ይህ ባንድ አንዱን ዘፈን ሁለት ቀን በአንድ መልክ ተጫውቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ተከታዮቹ ሥራቸውን እየለቀቁ በአሮጌ ቫን ከሜዳ ሜዳ ይከተሉታል። ከሁሉም የባሰባቸው ቀጂዎቹ ናቸው። ማይክሮፎናቸውን በረጅም ብረት ሰቅለው፣ ከድምፅ መቆጣጠሪያው ድንኳን ኋላ ተሰልፈው ትርኢቱን በሙሉ ይቀዳሉ፤ ለጠየቀ ሁሉ በነጻ ያባዛሉ። የሚተርፋቸው ነገር ቢኖር ካሴቱ ላይ የምትጻፈው «የቀዳው» የምትል አንዲት መስመር ናት። ባንዱ በእነሱ ካሴት አገር ላገር ታወቀ። እነሱን ግን ከዚያች መስመር በቀር የሚያውቃቸው የለም፤ እሷንም የሚነፍጋቸው አይጠፋም።

ሬሳውን አስራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ያገኘችው ሚስቱ ጁን ናት። ሎርና ሄዳ አጠገቧ ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

«በትርኢቱ እረፍት ሰዓት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ማን አለ?»

«ነበር ወይስ አልነበረም?»

«ነበር» አለች ጁን። «አስራ ዘጠኝ ክረምትና በጋ መኪና ውስጥ ተኛሁ። ወይ እኔን ወይ መቅጃ ሳጥንህን ምረጥ አልኩት።»

«እሱስ?»

«ለሳጥኑ ባትሪ እየቀየረለት ነበር። ሰምቶኝ እንኳ አያውቅም።» ሳቅ አመለጣትና ወዲያው አፏን በመዳፏ ከደነች።

«ከአስር እስከ አስር ተኩልስ የት ነበርሽ?»

«ወንዙ ዳር ተቀምጬ ሳለቅስ ነበር። ያየኝ የለም፤ አሳ እንኳ አልነበረም።»

ሃርላን መርማሪዋን ወደ ጎን ሳብ አደረጋት። «ሌላ ምን ያስፈልገናል? ተጣልታለች፣ ምስክር የላትም። ነገ ጠዋት ወደ ጣቢያ እንውሰዳት።»

«ነገ ጠዋት ገና አልደረሰም» አለች ሎርና።

የባንዱ የድምፅ ባለሙያ ካስ ቦይድ ገመድ እየጠቀለለ ነበር፤ ሲያናግሩትም መጠቅለሉን አልተወም። ዌንደልን ጠዋት ተቆጥቶታል፤ ገመዱን ሳያስፈቅድ ከመቆጣጠሪያው ጋር አያይዞ ስለተገኘ።

«ለገመድ ብዬ ሰው አልገድልም» አለ። «የምገድል ብሆን ኖሮ ይሄ ሜዳ መቃብር ነበር።»

«በዚያ ሰዓት የት ነበርክ?»

«'የወንዙ መንገድ' አስር ሰዓት ላይ ተጀመረ። እሱ ዘፈን ከተጀመረ ሰው እራቱን በልቶ ይመለሳል። እኔም ለረዳቴ ትቼለት የተጠበሰ በቆሎ ልበላ ሄድኩ። ሻጯን ይጠይቋት፤ ቅቤ ጨምሪ እያልኩ ስነዘንዛት ነበር።»

ሻጯ ተጠየቀች። እውነቱን ነው አለች፤ ሦስት ጊዜ ነው ያስጨመራት።

የቀረው ራስል ብሬነር ነበር፤ የዌንደል የሃያ ዓመት ጓደኛ። ማይክሮፎናቸውን ጎን ለጎን ነው የሚተክሉት። የግራ እጁ ትንሽ ጣት ጫፍ የለውም። ሎርና ስትመጣ ከመቀመጫው ተነሣና ወንበሩን አቀረበላት።

«ስለ ጁን ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እህቴ ማለት ናት። ግን በእረፍቱ ሰዓት ስትጮህበት ሁሉም ሰምቷል። እኔ ብደብቀው ሌላ ሰው ይነግርዎታል።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ነበርኩ፤ ንቅንቅ አላልኩም።» የቆየ የካሴት መቅጃውን አሳያት። «የዌንደል አዲስ መሣሪያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ብቻውን ይሠራል፤ ትቶት ቢሄድ ግድ የለውም። የኔ ካሴት ግን በየአርባ አምስት ደቂቃው ካልተገለበጠ ያልቃል። ሁለተኛው ክፍል ዘጠኝ ተኩል ላይ ጀመረ፤ አስር ከሩብ ላይ መገልበጥ ነበረብኝ። ገለበጥኩ። ያዳምጡት፤ አንዲት ኖታ አላመለጠውም።»

ጎረቤቶቹ ቀጂዎች በከፊል አረጋገጡለት። በዚያ ዘፈን ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር ማንንም አላዩም፤ ዝናቡ ሲጀምር ግን ራስል የራሱንም የዌንደልንም መሣሪያ በላስቲክ ሲሸፍን አይተዋል። ከትርኢቱ በኋላ የዌንደልን ዕቃ ሰብስቦ ለጁን ያስረከበውም እሱ ነው።

«ጣትህን ምን ነካው?» አለች ሎርና ልትሄድ ስትል።

«ብርድ በላው። ከአስራ ስድስት ዓመት በፊት የጎተራው ትርኢት የሚባለው ነው። ማይክሮፎን መስቀያው ተሰበረብን፤ በረዶ እየጣለ ሦስት ሰዓት በእጄ ይዤ ቆምኩ። ዌንደል ካሴቱን ይገለብጥ ነበር።»

«ሁለታችሁ ቀዳችሁት ማለት ነው።»

«መሰለኝ» አለ ራስል።

ሎርና ካሴቱን ተቀበለችው፤ የዌንደልን ቅጂም ከነመሣሪያው ከጁን ተዋሰች። ስለ ሙዚቃ የምታውቀው እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚዘመረውን ብቻ ነው። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ጊታሩ እንደጠፋ በግ ሲንከራተት ሰማች። ሃርላን እንቅልፍ ወሰደው። እሷ ግን ካሴቱን ገለበጠች፣ መልሳ ገለበጠች። ሦስተኛ ጊዜ ስትገለብጠው መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱን ሰዎች ቀጂዎቹ በተሰለፉበት ቦታ ሰበሰበቻቸው። የዌንደል ብረት ገና አልተነቀለም ነበር፤ ጓደኞቹ ከሩቅ እንዲለዩት ጫፉ ላይ ያሰረው ቀይ ጨርቅ በነፋስ ይማታል። ሃርላን ከጁን ኋላ ቆመ።

«ጁን ሄዳ ባሏን ገፍትራው ሊሆን ይችላል» አለች ሎርና። «ካስ ግን አልቻለም፤ አፉ በቆሎ ይዞ ነበር። ራስልም በካሴቱ ምክንያት ከዚህ አልተነቃነቀም። እስቲ ካሴቱን አብረን እንስማው።»

የመጀመሪያውን ፊት መጨረሻ አሰማቻቸው። ጊታሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንድ ሰካራም ለጊታር ተጫዋቹ «ግፋ ስቲቪ» ብሎ ይጮሃል፣ ከበሮው ሁለቴ ይመታል፣ ቀጥ። ካሴቱን አውጥታ ገለበጠችና የማጫወቻውን ቁልፍ ነካች። ጊታሩ ወደ ላይ ወጣ። ሰካራሙ «ግፋ ስቲቪ» ብሎ ጮኸ። ከበሮው ሁለቴ ተመታ፤ ዘፈኑም ቀጠለ።

ካስ ቦይድ የያዘውን ገመድ መጠቅለሉን አቆመ።

«እኔ ለዚህ ነገር መሃይም ነኝ» አለች ሎርና። «ግን ትናንት ማታ እዚህ ያሉትን ቀጂዎች ሁሉ ጠየቅኳቸው። ካሴት ስትገለብጡ ምን ያህል ይጠፋል አልኩ። ፈጣን የሆነው አራት ሰከንድ አለኝ፣ ቀርፋፋው አስር። የሚጠፋበት ነው እንጂ የሚጨመርለት ሰው አላገኘሁም። ይሄ ሰካራም ግን አንዴ ጮኾ ሁለቴ ተቀድቷል። በዚህ መሣሪያ፣ በዚያች ሰዓት የተገለበጠ ካሴት እንዲህ አይሆንም። ሁለተኛው ፊት በኋላ የተቀዳ ነው፤ የቀዳውም ሰው ምንም እንዳያመልጠው ብሎ ትንሽ ቀደም አድርጎ ጀመረ።»

«ካሴት ሲያረጅ እንደዚህ ያደርጋል» አለ ራስል።

«ታገሠኝ። አሁን ከሥር ያለውን ስሙ።»

ከሙዚቃው ሥር ጠ፣ ጠ፣ ጠ የሚል ድምፅ ነበር። ጁን ቀስ ብላ ዞራ ቀዩን ጨርቅ አየችው።

«በመጀመሪያው ፊት ይህ የጨርቅ ድምፅ የለም» አለች ሎርና። «ሁለተኛው ፊት ላይ ለአስራ ሰባት ደቂቃ አለ፤ ዝናቡ ሲጀምር ድንገት ይጠፋል። የዌንደል ቅጂ ላይ ግን ከዘጠኝ ተኩል ጀምሮ አለ። አስራ ሰባቱ ደቂቃ የዌንደል ነው። ራስል፣ አንተ ዌንደልን ተከትለህ ወደ ቫኑ ሄድክ። እዚያ ሳለህ ካሴትህ አለቀ። ዝናቡ ሲመጣ ሮጠህ ተመለስክ፣ ሌላ ካሴት ከተትክ። ከትርኢቱ በኋላ የሟቹን ዕቃ ልሰብስብ ብለህ መኪናህ ውስጥ ወሰድከው፤ ባዶ በቀረው ሁለተኛ ፊት ላይ መጀመሪያ የሱን፣ ቀጥሎ የራስህን አገናኘህ።»

«ሽንት ቤት ሄጄ ቢሆንስ?»

«እንደሱ ብትለኝ ኖሮ አምኜህ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ክፍተቱን እንዳለ ብትተወው የሚጠይቅህ አልነበረም፤ የዌንደልን ቅጂ ብታቃጥለው ደግሞ የማወዳድርበት አላገኝም ነበር። ግን አንተ የቀዳኸው ላይ ቀዳዳ መተው አትችልም። የተቀዳ ነገር ማጥፋትም አትችልም። ከቀጂዎቹም ውስጥ የሚችል የለም።»

ራስል ጣቱን፣ ጫፍ የሌለውን፣ በሌላው እጁ ጨበጠው።

«ዌንደልን ለምን?» አለች ጁን።

እሱም ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ባንዱ ስለ ቆዩ ትርኢቶቹ ካዘጋጀው መጽሔት ትናንት ጠዋት ለቀጂዎቹ የታደለ ገጽ ነው። «የጎተራው ትርኢት። የቀዳው፦ ዌንደል ሃስኪን» ይላል።

«አስራ ስድስት ዓመት» አለ ራስል። «ስምህን አስገባለሁ ይለኝ ነበር። ጣቴን ሰጥቼ መስመር እንኳ ነፈገኝ። ቫኑ ጋ ስጠይቀው ጽፌዋለሁ አለኝ። ፊቴ ቆሞ ዋሸኝ። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው ያደረግኩት።»

«ወዲያው አልሞተም» አለች ሎርና። «ሐኪሙ ጥቂት ቆይቷል ይላል።»

«ዝናብ መጣ» አለ ራስል። «መሣሪያዎቹ ክፍት ነበሩ።»

ካስ ቦይድ ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ ራሱ ጫማ የሚናገር ይመስል ወደ መሬት እያየ ነበር።

«ጽፎት ነበር» አለ። «ሁለታችሁንም ነው የጻፈው፤ የራስልን ስም አስቀድሞ። ገጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። መስመሩ አልበቃ አለኝና የፊተኛውን አወጣሁት። ማን ያስተውላል ብዬ ነው።»

ራስል አየው። ስሙን የሰረዘው ሰው ስለ እሱ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አስቦ አያውቅም፤ ያሰበለትን ደግሞ ገድሎታል።

ሃርላን ከጁን ኋላ ወጥቶ ወደ ራስል ጎን አለፈ። ጁን ግን ቀድማ ከሎርና እጅ የካሴቱን ማኅደር ወሰደች። በራስል ጥንቁቅ የእጅ ጽሑፍ ቀኑ፣ ሜዳው፣ የዘፈኖቹ ዝርዝር ተጽፏል። የመጨረሻዋን መስመር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች።

«'የቀዳው፦ ራስል ብሬነር።'» ማኅደሩን ወደ እሱ አዞረችው። «አስራ ሰባቱ ደቂቃ የባሌ ነው፣ ራስል። ስሙ የታለ?»

ራስል ጽሑፉን አነበበው፤ እንደገናም አነበበው።

«እስክሪብቶ ስጡኝ» አለ።

ሎርና ኪሷ ላይ ሁለት ነበራት። አላወጣቻቸውም።