ምንም ያልጎደለበት ቦርሳ

ስምዖን የሞተው ዶራቪል በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ገና ባልተከፈተ ሥጋ ቤት ጓዳ፣ የተላጠ ሽቦ እንደጨበጠ ነው። የቀኝ እጁ ጣቶች ጠቁረዋል። አፉ ሰው ሊሰድብ እንደተከፈተ ቀርቷል፤ የሚያውቁት ሰዎች ይህን ሲያዩ አልገረማቸውም። ከጎኑ አዲስ የመሣሪያ ቦርሳ ቆሟል፤ መቀመጫው ጠንካራ ጎማ፣ አፉ የማይዘጋ፣ ዙሪያውን ኪስ በኪስ የሆነ።

ፖሊሱ አደጋ ነው ብሎ ወደ መኪናው ሊመለስ ሲል መነን ደረሰች። የካውንቲው የአሟሟት መርማሪ ናት፤ እዚያው አጠገብ ቻምብሊ ያደገች፣ አማርኛዋን እንግሊዝኛ የሚቀድመው። በዚህ ምክንያት ሐበሾች እሷ ፊት እንደ ልባቸው ያወራሉ። ምላሷ ቢሰባበርም ጆሮዋ እንደማይሰባበር የሚያውቁት ዘግይተው ነው።

ሬሳውን ለአፍታ፣ ቦርሳውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ፒንሳው፣ ካቻቪቴዎቹ፣ የሽቦ መላጫው፣ ሽቦ የሚጠቀለልበት ናስትሮው፣ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚያሳየው ቴስተር፣ ሁሉም በየኪሳቸው ናቸው። በመጨረሻው ኪስ ውስጥ አንድ ቀይ ጓጉንቸር እንደተቆለፈ ተቀምጧል። ባዶ ኪስ አንድም አልነበረም። ፎቶ አነሳችው።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ኃይሉ ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀምጦ ግድግዳውን በጭንቅላቱ ይመታ ነበር። በዲቪ ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ የሚኖረውም ወንድሙ ቤት ነው። የስምዖን ሚስት ሕይወት ታከር ካለው ቤቷ እየነዳች እንደደረሰች አንድ ጊዜ አይታው ፊቷን አዙራለች።

«የመብራቱን ብሬከር ኦን ያደረግኩት እኔ ነኝ» አላት ኃይሉ መነንን። «ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ምን ትጠይቂኛለሽ?»

«ለምን ኦን አደረግከው?»

«ጓጉንቸር አልነበረበትም። ስምዖን ሽቦ ከመንካቱ በፊት መብራት ያጠፋና ብሬከሩን በቀዩ ጓጉንቸር ይቆልፈዋል። ጓጉንቸር ከሌለ መስመሩ ላይ ሰው የለም ማለት ነው። ይቺን ለማስተማር ያልሰደበኝ ስድብ የለም።»

ዕቃህን የምትይዘው በምንድን ነው ብላ ጠየቀችው። ኃይሉ ጥያቄው ግራ ቢያጋባውም አንድ የቀለም ባልዲ አሳያት። መዶሻው፣ ሚስማሩና የበርገር መጠቅለያው ተደባልቀው ውስጡ ነበሩ።

የሥጋ ቤቱ ባለቤት ሽማግሌው ሳሙኤል ከሟቹ ይልቅ ለሥጋው ያዝኑ ነበር። ማቀዝቀዣው ስለማይሠራ ጠዋት የገባው የበሬ ሥጋ እየሞቀ መሆኑን ደጋግመው ነገሯት። መብራት ይብራልኝ ብለው ማንን እንደጠየቁ ስትጠይቃቸው ግን መልሳቸው ግልጽ ነበር።

«ትንሳኤን ነዋ፣ ልጄ። ብሬከሩ ሥር ቆሞ ነበር። ኃይሉን ይጠይቁት፣ እሱ ያበራልዎታል አለኝ። ኃይሉም ሄዶ አበራ። ወዲያው ከጓዳ ጩኸት ሰማን።»

ትንሳኤ ለስምዖን ተቀጥሮ ብዙ ዓመት የሠራ ኤሌክትሪሺያን ነው። እንደ እሱ የተረጋጋ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ጩኸቱን ሲሰማ ብሬከሩን አጥፍቶ ቀድሞ ወደ ጓዳ የገባው እሱ ነው፤ ሌሎቹን ከበሩ የመለሳቸውም እሱ ነው።

«አንድ ዕቃ አልነካሁም» አለ። «ስምዖን ዛሬ ጓጉንቸሩን ረስቶ መሆን አለበት። ዩ ኖው፣ ሰው ነው።»

ስምዖን ምን ዓይነት አለቃ ነበር ስትለው፣ እንደ አባት ነው አላት። ኃይሉ የነገራት አባት ግን ሌላ ነው። ማታ ማታ የቦርሳው ኪስ ሁሉ ሳይሞላ ወደ ቤት መሄድ አይቻልም። አንድ ካቻቪቴ ከጠፋ ስምዖን ዕቃውን በሙሉ ፓርኪንግ ላይ ይደፋና ትንሳኤን በደንበኛ ፊት አንበርክኮ እንደገና ያስለቅመዋል። ትናንት ምሳ ላይ ትንሳኤ በራሱ ለመሥራት የሚያስፈልገውን የላይሰንስ ማመልከቻ እንዲፈርምለት ሲጠይቀው ደግሞ፣ «አንተ የሰው ቦርሳ ተሸክመህ ትሞታለህ» ብሎ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ሳቀበት። ትንሳኤም አብሮ ሳቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ስምዖን ግን አፉን እንደ መዶሻ ቆጥሮት ኖረ።

ሬሳው ከወጣና የቦርሳው አሻራ ከተነሳ በኋላ መነን አራቱንም ባዶው የሥጋ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ። እሷም ቦርሳውን አመጣችና ውስጡ ያለውን ዕቃ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ምክንያቱን ሳትናገር ወደ ወሬዋ ገባች።

«ስምዖን ሽቦ ልጦ ነበር» አለች። «በምን ላጠው? መላጫው የቦርሳው ኪስ ውስጥ ነበር። የሽቦ ሳጥኑን ክዳንም ፈትቷል። በምን? ካቻቪቴውም ኪሱ ውስጥ ነበር። ሥራ ላይ የሞተ ሰው ዕቃው መሬት ላይ ይገኛል። የሞተ ሰው ደግሞ ዕቃ አይሰበስብም። ስለዚህ ሌላ ሰው ሰበሰበው።»

ሳሙኤል አንገታቸውን ነቀነቁ። «ሬሳ አጠገብ ቆሞ ዕቃ የሚሰበስብ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ለመሰብሰብ አልገባም። ጓጉንቸሩን ለመክተት ነው የገባው። ስምዖን ብሬከሩን እንደ ልማዱ ቆልፎት ነበር። ያ ሰው ፈታው። እርስዎ መብራት ሲለምኑት ብሬከሩ ሥር ቆሞ ራሱ አላበራም፤ ወደ ኃይሉ ላከዎት። ከዚያ ስምዖን የረሳው እንዲመስል ጓጉንቸሩን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ፕላኑ ይሄ ብቻ ነበር። ግን ቦርሳው ላይ ባዶ ኪሶች አየ። ባዶ ኪስ ትቶ መሄድ አልቻለም።»

ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው ስታወርድ ሌሎቹም አወረዱ።

ቦርሳው ሞልቷል። ፒንሳው፣ መላጫው፣ ናስትሮው፣ ቴስተሩ በየቦታቸው ገብተዋል። ትንሳኤ እሷን እሷን እያየ፣ እጆቹ የለመዱትን ሲሠሩ ቆይተዋል። የቀረው ቀዩ ጓጉንቸር ነበር፤ እሱም በጣቶቹ ተይዞ ወደ መጨረሻው ኪስ እየሄደ ነው። መነን ፎቶውን ከቦርሳው ጎን አኖረችው። አንድም ልዩነት የለም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

«ይሄ ምንም ማስረጃ አይደለም» አለ ትንሳኤ።

«ቁልፎችህን ስጠኝ።»

አልሰጣትም። ፖሊሱ ከኪሱ አወጣቸው። ከመካከላቸው ትንሿ ጓጉንቸሩን ያለ ችግር ከፈተችው። ስምዖን ማንንም የማያምን ሰው ነበር፤ መለዋወጫ ቁልፉን ለአንድ ሰው ብቻ ሰጥቷል።

«ዓመት ከዓመት አንበረከከኝ» አለ ትንሳኤ በመጨረሻ። «እኔ ጓጉንቸር ብቻ ነው የፈታሁት። ያበራው ወንድሙ ነው።»

ሕይወት ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ ልታቆስለው ነው የመጣችው።

«ይሄ ቦርሳ የማን እንደሆነ ታውቃለህ? ትናንት ከሥራ በኋላ ሱቅ ለሱቅ አዞረኝ። ይሄ ዚፑ እጅ ያስራል፣ ያኛው ሲያስቀምጡት ይወድቃል እያለ ስንቱን ጣለ። ይሄንን ሲያገኝ፣ ቦርሳ በትከሻ እንጂ በዓይን አይመረጥም፣ ሳምንት ተሸክሜው ማንገቻው ካልቆረጠኝ ለትንሳኤ ነው አለኝ። ማመልከቻህንም ቦርሳውን በሚሰጥህ ቀን ሊፈርምልህ ነበር። ምሳ ላይ የሰደበህ ስጦታውን እንዳትነቃበት ነው።»

«ውሸትሽን ነው» አለ ትንሳኤ። ካቴና ሲገባለት ዓይኑ ከቦርሳው ማንገቻ ላይ አልተነሳም።

ሳሙኤል ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ እንግዲህ ማቀዝቀዣውን ማን ያገናኝልኛል ብለው ጠየቁ።

ኃይሉ መነንን ተከትሎ እስከ በሩ ሄደ። «ስለዚህ እኔ አልገደልኩትም ማለት ነው?» አላት።

መነን ልትዋሸው ፈለገች፤ አልሆነላትም። «የገደለው እሱ ነው» አለችው። «በአንተ እጅ።»

ኃይሉ እጁን ዘርግቶ አየው። ሕይወት ከኋላው መጥታ ያንኑ እጁን ያዘችና ወደ መኪናዋ ወሰደችው። እስከ ታከር ድረስ አንድ ጊዜም ፊቱን ማየት አልቻለችም።