ያልተሰፋው ጉርድ

«ነገ ይደርስልሻል» አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከስፌት መኪናዋ ሳትነቅል።

ቁልፌ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። «ነገ» የልብስ ሰፊ ሁሉ ጸሎት ናት፤ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ትደገማለች። በገዛ ልጅ ላይ ስትደገም ግን ገና መስማቷ ነው። ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚወስዳት አውቶቡስ ከነገ ወዲያ ማለዳ ይነሳል፤ ያለ ደንብ ልብስ ደግሞ ማንም አይገባም። ጉርዷ ግን በጠመኔ ተሰምሮ፣ ተቆርጦ፣ ጠረጴዛው ላይ እንደተኛ ነው።

ቁልፌ ያለቻት እናቷ ናት። ገና ድክ ድክ ስትል ከወለሉ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ አንስታ ዋጠች፤ ከዚያ ወዲህ እናቷ ልቧ አርፎ አያውቅም። አሥራ አራት ዓመት ሞልቷትም መንገድ ሲሻገሩ እጇን ጥብቅ አድርጋ ትይዛታለች።

ጎረቤታቸው ዳቦ ጋጋሪዋ ገባችና ሽርጧን ተቀበለች፤ አልቋል፣ ተተኩሷል። «ምን ጉድ ነው! አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቀጠሮ ያከበርሽው?» ብላ እየሳቀች ወጣች።

ቁልፌ መደርደሪያውን አየችው። የሰው ሥራ ሁሉ አልቋል። የቀረው የእሷ ብቻ ነው።

«እማዬ፣ እንድሄድ አትፈልጊም አይደል?»

የስፌት መኪናው ቆመ። «ማን አለ? ፈተናውን ስታልፊ ለሰፈሩ ሁሉ ያወራሁት እኔ አይደለሁ?» ከዚያ ድምጿ ወረደ። «እጄ እምቢ አለኝ፣ ልጄ። እዚያ ቢያምሽስ? አንቺ እንደሆነ አመመኝ አትዪም፤ ተሸፋፍነሽ ነው የምትተኚው። ማን ያውቅልሻል?»

የቁልፌ ንዴት ሟሟ። አንጀቷን በላቻት። «በቃ አልሄድም» ብትል እናቷ ዛሬውኑ እፎይ ትላለች። ቃሉ አፏ ውስጥ ነበር፤ ግን መሄድ ትፈልጋለች፣ በጣም ትፈልጋለች። ዋጠችው።

«እስቲ ተነሺልኝ።»

«ምን ልትሆኚ?»

«ልሰፋው።»

እናቷ ከጀርባዋ ቆመች። መስመሩ በተጣመመ ቁጥር እጇን ትሰድና መልሳ ትሰበስባለች። «ቀስ! ጣትሽን!»

«እማዬ!»

«እሺ፣ አፌን ዘጋሁ» አለች። ወዲያው ደግሞ «ኧረ ጣትሽን!»

ስፌቱ እንደ ሰካራም ቢንገዳገድም ጉርዱ ጉርድ ሆነ።

«ተርትሬ ላስተካክልልሽ?»

«ተይው፤ ይሁን።»

የቀረው የታችኛው ጠርዝ ነው። ቁልፌ ጨርቁን አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አጠፈችና ለእናቷ ዘረጋችላት።

«ይሄን አንቺ በእጅሽ ዘምዝሚልኝ። ለእረፍት ስመጣ ረዝሜ እሆናለሁ፤ ያኔ አንቺው ትፈቺዋለሽ።»

እናቷ የታጠፈውን ጨርቅ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። መርፌ አነሳች፤ ክሩ ግን አልገባላት አለ።

«አስገቢልኝ እስቲ» አለች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

ቁልፌ ክሩን አስገብታ ሰጠቻትና ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ አናት ልታወርድ ሄደች።