ከመቀመጫው ሥር የሚያንኳኳው

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው... እኔ ግን በዚህ ጆሮዬ የሰማሁትን፣ በዚህ ዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ መስኮት በሌለው የሮኬት መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ።

ሥራዬ ከተሳፋሪ ጋር በሬዲዮ መነጋገር ነው። የዚያን ቀን ተሳፋሪው አንድ ሰው ብቻ ነበር። የድርጅቱ ባለቤት።

ተፎካካሪ ድርጅቶችን ቀድሞ በገዛ ሮኬቱ ጠፈር ካልወጣሁ ብሎ እረፍት አጥቶ ነበር።

ወንድሜን የበላውም ይኸው ጥድፊያው ነው።

ታናሽ ወንድሜ እዚያው በያጅ ነበር። እናታችን "አንተስ እውነትም ላም አለኝ በሰማይ ሆንክ" ስትለው ከት ብሎ ይስቅ ነበር።

አንድ ቀን የነዳጁ ታንክ ውስጥ ገብቶ ሲበይድ፣ ሰው መኖሩን ሳያጣሩ ለፍተሻ ናይትሮጅን፣ ትንፋሽ የሚያሳጣውን ጋዝ፣ ለቀቁበት።

ከውስጥ አንኳኳ።

ሰሙት... ባለቤቱ ግን "ፍተሻው አይቋረጥም!" አለ።

ቀብሩ ላይ ደግሞ "ጥፋቱ የራሱ ነው" አለን። ታንኩን አጥበው እዚያው ሮኬት ላይ ገጠሙት።

ሆድ ከአገር ይሰፋል ይባል የለ? ቂሜን ዋጥ አድርጌ ሥራዬን ቀጠልኩ።

እናላችሁ... ሮኬቱ ሊወነጨፍ ጥቂት ሲቀረው የባለቤቱ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ።

"ማነው የሚያንኳኳው?"

"ማንም የለም ጌታዬ። ሠራተኛው ሁሉ አካባቢውን ለቋል።"

"ከመቀመጫዬ ሥር ነው..."

ከመቀመጫው ሥር ያለው ታንኩ ነው። እሱ ደግሞ እስከ አፉ ነዳጅ ተሞልቷል።

ስክሪኔን አየሁ። የራስ ቁሩ መስታወት በትንፋሽ ደብዝዟል።

በጓንቱ ጠረገው... ጠራለት።

ትንፋሹ ከውጭ በኩል ነበር።

ከዚያ በሹክሹክታ፦ "እታለም ማን ናት?"

እታለም ብሎ የሚጠራኝ ወንድሜ ብቻ ነበር።

"ለምን ጠየቁኝ?"

"እዚህ... ጆሮዬ ሥር... 'እታለም፣ እንዳታስቆሚያቸው' ይላል..."

ጣቴን ከመናገሪያው ቁልፍ ላይ አነሳሁ።

"አውርዱኝ! በፈጠረሽ አውርጂኝ!"

ድምፁን የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ።

ኃላፊው ከወዲያ ጠረጴዛ ዞሮ አየኝ። "ሬዲዮ፣ ዝግጁ ነሽ?"

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። "አቁሙ" ማለት።

"ዝግጁ" አልኩ።

ሕንጻው ተንቀጠቀጠ። ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ተቃቀፈ። እኔ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ጫን አድርጌ፣ ሲለምነኝ ሰማሁት... ሲያለቅስ ሰማሁት...

ደስ አለኝ። አልዋሻችሁም።

ከዚያ ጭጭ አለ።

ሮኬቱ ተመልሶ አሸዋው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ባለቤቱ ያለባት ክፍልም በፓራሹት ራቅ ብላ አረፈች። ሐኪሙ በሯን ሲከፍት በካሜራ እያየን ነበር።

"ጌታዬ፣ ደህና ነዎት?"

በራሱ ወርዶ ታንኩ ወዳለበት ወደ ሮኬቱ መሄድ ጀመረ።

አካሄዱ ግን... ቀኝ ክንዱ ወደ ፊት ተወጥሯል። ወደ ኋላ እየተለጠጠ፣ ተረከዙ አሸዋውን እያረሰ ነው የሚሄደው።

"ኧረ ያዙት!" ብሎ ጮኸ ሐኪሙ።

ማንም ንቅንቅ አላለም።

ምክንያቱም ከሰውየው ፊት ለፊት፣ ባዶው አሸዋ ላይ፣ የባዶ እግር ዱካ... አንድ በአንድ... እየታተመ ነበር።