የማክሰኞና የሐሙስ ስብሰባ

«ኽርርርርር... ፊው!»

ሬዲዮ የአባቷን ሰፊ ኮት ለብሳ፣ መድረኩ ላይ ባለው ወንበር ተዘርግታ ስታንኮራፋ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ወሬዋ ስለማያልቅ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ስሟ ሬዲዮ ነው። አንገቷ ላይ በሲባጎ ያንጠለጠለችው ካርቶን «ስብሰባ ላይ ነን» ይላል።

ከኋላ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ቀጮም ሳቀች። ሰሞኑን መሳቅ እንኳ ይደክማታል፤ ግን ሳቀች። ርዕሰ መምህሩ ከሞቱ ሦስት ሳምንት ሆኗል። አርብ ለመታሰቢያቸው ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ይመጣሉ፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችም ዛሬ የሚለማመዱትን ድራማ ያሳያሉ። የማይወዳቸው ተማሪ አልነበረም። የሚሳቅባቸውም በዚችው ነገር ብቻ ነበር፤ ቢሮአቸው በር ላይ ካርቶናቸውን ይሰቅሉና ይተኛሉ፣ ማንኮራፋታቸው እስከ ኮሪደሩ ይሰማል።

«ጋሼ ስብሰባ!» ብሎ ጮኸ አንዱ ከፊት። «ፉጨቷን እንዳትረሺ፣ መጨረሻ ላይ ያለችውን!»

«ኧረ እንዴት ብዬ! ማክሰኞና ሐሙስ፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ። ከስፖርት ሾልኬ እየመጣሁ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ሰምቻለሁ እኮ!»

ቀጮ ሳቋን አቋረጠች።

ማክሰኞና ሐሙስ፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ እዚያ ቢሮ ውስጥ፣ አረንጓዴው ሶፋ ላይ የምትተኛው እሷ ነበረች።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። አያቷ መርሳት ከጀመሩ ወዲህ ሌሊት እየተነሱ በሩን ይከፍታሉ፤ ከሞቱ ሃያ ዓመት የሆናቸውን ባላቸውን ሊቀበሉ። እናቷ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነች፣ የሌሊት ተረኛ። ስለዚህ ቀጮ ፍራሿን በሩ ላይ አጋድማ ትተኛለች፤ እሱም እንቅልፍ ከተባለ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ! አጥንቷ ገና ያልጠና፣ ፊቷ ከቀን ወደ ቀን እየገረጣ የሚሄድ። እናቷ ይህ ሳይታያት ቀርቶ አይደለም፤ ግን ምን ታድርግ? አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነቻት፦ «የቤታችንን ገመና ደጅ እንዳታወጪ። እናቴ የሰፈር መሳቂያ እንዳትሆንብኝ።»

አንድ ማክሰኞ ርዕሰ መምህሩ ቀጮን ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፋ፣ ቆማ ስታንቀላፋ አገኟት። ምን ሆነሽ አላሏትም። ወደ ቢሮ ወሰዷትና ጸሐፊያቸውን «እዚሁ አብረሻት ሁኚ» አሉ። በሩ ላይ ካርቶኑን ሰቀሉ፤ ደወሉ እንዳያስደነግጣት የጠረጴዛ ሰዓታቸውን በሻርፕ ጠቀለሉ፤ ከዚያ በጓሮ በር ወጡ። ስትነቃ ከማዶ መጋዘን የመዶሻ ድምፅ ይሰማ ነበር። የተሰበረ ዴስክ እየጠገኑ ነበር። ከዚያ ወዲህ በስፖርት ክፍለ ጊዜ፣ በሳምንት ሁለቴ፣ እዚያ መተኛት ልማዷ ሆነ።

እንደምታንኮራፋ ግን ማንም ነግሯት አያውቅም። ማን ይንገራት? አያቷ?

ከአዳራሹ ቀስ ብላ ወጣች።

ቢሮው ውስጥ ጸሐፊዋ የሟቹን መጻሕፍት በሲባጎ እያሰሩ ካርቶን ውስጥ ይከታሉ። አረንጓዴው ሶፋ ላይ ፋይል ተከምሮበታል።

«እትዬ» አለች በሩን ተደግፋ። «እኔ... አንኮራፋለሁ እንዴ?»

ጸሐፊዋ ቀና አሉ። ዓይናቸው ከለቅሶ ይሁን ከሥራ ብዛት አብጧል።

«እንደ ወፍጮ!»

«ፉጨቱስ?»

«ፉጨቱማ ልዩ ነው።» ፈገግ አሉና ወዲያው ፈገግታው ጠፋ። «ምነው፣ ለምን ጠየቅሽኝ?»

ስለ ድራማው ነገረቻቸው። ጸሐፊዋ ሲባጎውን እጃቸው ላይ እንደያዙ ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ።

«ጋሼ በሥራ ሰዓት ዓይናቸውን ከድነው አያውቁም። መምህራኑ ሲስቁባቸው ‹እንቅልፍ ድሮም ይወደኛል› ብለው አብረው ሳቁ። እውነቱን ልናገር ብነሳ፣ ‹ተይ፣ እኔን ሳቅ አይጎዳኝም፤ ልጅቷን ግን ይጎዳታል› አሉኝ።»

«ባለቤታቸው ያውቃሉ?»

«ከየት ያውቃሉ? ሰው ያደረገላቸውን እንጂ እሳቸው ያደረጉትን ቤታቸው እንኳ አያወሩም ነበር። እንግዲህ አርብ ያያሉ፣ ባላቸው መድረክ ላይ ሲያንኮራፉ።»

«እርስዎ ይንገሩልኝ በናትዎ።»

«የሰው ገመና ከአፌ አይወጣም፣ ልጄ። ያንቺን የምታወጪው አንቺ ነሽ። ዝም ብትይም አልፈርድብሽም።» እጃቸውን ዘርግተው የሸሚዟን ኮሌታ አስተካከሉላት። «ዛሬ ምሳ በልተሻል?»

«በልቻለሁ» ብላ ዋሸች። ልትወጣ ስትል ዞር አለች። «እዚህ የምተኛው እኔ ብቻ ነበርኩ?»

«እሱን አትጠይቂኝ» አሉና ወደ ማሰሩ ተመለሱ።

ኮሪደሩ ያን ቀን ረዘመባት። አሁን ወደ ቤት ብትሄድ ማን ያውቅባታል? ጎረቤቷ አያቷን የምትጠብቅላት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ሰበብ አላጣችም። ብትናገር ደግሞ ከነገ ጀምሮ ስሟ ቀጮ መሆኑ ቀርቶ ወፍጮ ይሆናል። እሱስ ይሁን፤ የአያቷ ገመናስ? ርዕሰ መምህሩ ሰዓቱን በሻርፕ ሲጠቀልሉ ታዩአት፤ ሕፃን የሚያቅፉ ይመስሉ ነበር።

አዳራሹ ባዶ ሆኗል። ሬዲዮ ብቻዋን ኮቱን ታጥፋለች፤ ካርቶኑ አሁንም አንገቷ ላይ ነው።

«የት ጠፋሽ አንቺ? ጉድ ሆኛለሁ! ማንኮራፋትና መናገር አንድ ላይ አልሆንልኝ አለ። ከመጋረጃ ጀርባ የሚያንኮራፋ ሰው እፈልጋለሁ። ሁሉንም ሞከርኩ፣ ያቺ ፉጨት እምቢ አለች።»

ቀጮ ካርቶኑን ከጓደኛዋ አንገት አወረደች። ሲባጎው ተቋጥሮ ተቋጥሮ ሊበጠስ ደርሷል።

«እኔ አንኮራፋለሁ።»

«አንቺ? ስታወሪ እንኳ ድምፅሽ በቅጡ አይሰማ!»

«እኔ ነኝ የማንኮራፋው» አለች ቀስ ብላ። «ያኔም እኔ ነበርኩ።»

ሬዲዮ የምታጥፈውን ኮት ወንበሩ ላይ ጣለችው።

ቀጮ መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ካርቶኑን ጉልበቷ ላይ አኖረች። ማታ ለእናቷ ምን እንደምትላት አታውቅም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ለአሥራ አንድ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።

«ቁጭ በይ» አለቻት። «ከአያቴ ነው የሚጀምረው።»