ከኋላ ያለው ይለብሳል

ይህ በእኔ በተድላ ላይ የደረሰ ነው። "ፈጠራ ነው" ለማለት የተዘጋጀ ካለ እዚሁ ይተወው። እኔም ለእሱ አልጻፍኩም።

ሐምሌ 2014 ዓ.ም.፣ ካርቱም። ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

ጀብራ በሚባል ሰፈር ውስጥ ሙስዐብ የሚባል ሱዳናዊ ሀብታም ፈረሶች ነበሩት። የምንንከባከባቸው ሁለት ነበርን፤ እኔና ጋሽ ሀሰን። ጋሽ ሀሰን የወሎ ሰው ነበሩ፤ ካርቱም ከሃያ ዓመት በላይ ኖረዋል። አማርኛቸው ውስጥ ዓረብኛ ይገባል፤ ሲጠሩኝም "ያ ተድላ" ነው። የግራ እጃቸው ሁለት ጣት አልነበረውም። ፈረስ ነክሷቸው ነው።

እውነቱን ልናገር... እጠላቸው ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት "ተድላ ፈረስ ይመታል" ብለው ለሙስዐብ ነገሩብኝ። መምታቴ እውነት ነው። ቢሆንስ? ሰው በሰው አገር የአገሩን ልጅ አሳልፎ ይሰጣል?

ከሰዓት በኋላ ሙስዐብ ደወለ። ሪያድ የሚባለው የካርቱም ሰፈር ያለው ቪላው እንግዶች መጥተዋል፤ ሁለት ፈረሶች ማየት ፈልገዋል። እየጋለባችሁ አምጡልኝ አለ።

ጋጣው ውስጥ የነበረው አንጸባራቂ ሰደርያ አንድ ብቻ ነው። ቢጫ ነው፤ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ሁለት የብር መስመር ያበራል። ደረት ላይ እየተጣበቀ የሚዘጋ ዓይነት ስለሆነ ሲከፈት "ጠርርር" ይላል።

ሕጋችንም አንድ ነበር። ሁለት ሆነን አስፋልት ስንወጣ ከኋላ የሚጋልበው ይለብሰዋል። መኪና የሚመጣው ከኋላ ነዋ!

ጋሽ ሀሰን ሊለብሱት ሲሉ ከእጃቸው ቀማኋቸው።

"ዛሬ እኔ ነኝ የምለብሰው።"

"ያ ተድላ፣ አንተ ፊት ነህ። ዘለጥ ላይ፣ አስፋልቱ ላይ፣ ከኋላ ያለው ነው የሚለብሰው።"

"ዝም በል አንተ ሽማግሌ! ሂድና ለሙስዐብ ንገር!"

ከዚያ በፊት "አንተ" ብያቸው አላውቅም። ትንሽ አዩኝና ዳማው ፈረስ ላይ ወጡ።

"ማሊሽ... ግድ የለም" አሉ። "በኋላ ትመልስልኛለህ።"

ዋናው መንገድ ላይ እንደወጣን ሃቡቡ መጣ። ካርቱም የኖረ ያውቀዋል፤ የሚራመድ የአቧራ ግድግዳ ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከፈረሴ ጆሮ ወዲያ ምንም አልታይ አለኝ።

ከኋላዬ "ጓ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ነፋስ የገነጠለው ቆርቆሮ መሰለኝ... ወይም እንዲመስለኝ ፈለግኩ።

"ጋሽ ሀሰን! አሉ?"

ልጓሙን ሳብ አደረግኩ።

"አለሁ።"

እፎይ ብዬ ቀጠልኩ።

ትንሽ እንደሄድኩ አንድ ነገር ከነከነኝ። የሚሰማኝ ኮቴ የአንድ ፈረስ ብቻ ነው። የእኔ።

"አሉ?"

"አለሁ።"

ነፋሱ እየጮኸ ነው። እሳቸው ግን የመለሱልኝ በሹክሹክታ ነው። እንዴት ሰማሁት?

ፈረሴ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ማቃሰት ጀመረ። ሁለት ሰው የተጫነ ይመስል ወገቡ ይዋልላል።

ጠርርር...

ሰደርያው ደረቴ ላይ ተከፈተ። ነፋሱ ነው ብዬ ዘጋሁት።

ጠርርር...

እንደገና ዘጋሁትና እጄን ጫን አድርጌበት ቀረሁ። ከመዳፌ ሥር የሆነ ነገር ቀስ እያለ ሲፈለቅቀው ተሰማኝ።

"ጋሽ ሀሰን... የት ነዎት?"

"ከኋላ።"

ድምፁ ጆሮዬ ሥር ነበር። ትንፋሽ ግን አልነበረውም።

"መልስልኝ።"

እናቴ ትሙት አልዞርኩም! እያማተብኩ ጋለብኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሉ የለ? አልረዳኝም። እስከ ቪላው ድረስ አንድ ነገር ደረቴን ሲቧጥጥ ነበር።

የቪላው ዘበኛ ኦመር በሩ ላይ ስልክ ይዞ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ብቻህን ነህ?"

"ሀሰን ከኋላ ነው።"

"የለም..." አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሀሰን ሞቷል። ጀብራ መውጫው ላይ ሚኒባስ ገጨው። ሹፌሩ 'ወላሂ አላየሁትም' ይላል። ፈረሱ ብቻውን ወደ ጋጣው ተመልሷል።"

"መቼ?"

"አቧራው እንደመጣ።"

ጓ!... ቆርቆሮ አልነበረም። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።

ጎንበስ ብዬ ሰደርያውን አየሁት። ቢጫው በአቧራ ተሸፍኗል። መዝጊያው አጠገብ ግን አቧራው በሁለት እጅ ቅርጽ ተጠርጓል። የቀኙ አምስት ጣት አለው።

የግራው ሦስት።

ጮኼ አወለቅኩትና መንገዱ ላይ ወረወርኩት። ኦመር ስልኩን አቀበለኝ። ሙስዐብ ነበር።

"ፈረሱን ይዘህ አሁኑኑ ወደ ጀብራ ተመለስ" ብሎ ዘጋው።

ወደ ፈረሴ ዞርኩ። አንድ መኪና መብራቱን አብርቶ በአቧራው ውስጥ መጣ...

ሰደርያው የወረወርኩበት ቦታ የለም።

ከፈረሴ ጭራ ትንሽ ወዲያ፣ ጋላቢ በሚቀመጥበት ከፍታ ላይ፣ ሁለት የብር መስመር በራ። መዝጊያው በደንብ ተዘግቷል።

አይንቀሳቀስም። ፊት ፊት እስክሄድለት እየጠበቀኝ ነው።