ዝናብ ላይ የተያዘ ተራ

ከድንኳኑ ውጭ ብረት ከብረት ይጋጫል። ሰዎች ካስማ እየነቀሉ ነው። ከዚያ የተራ አስከባሪዋ ሴት ድምፅ ቀረበ፦ «እንደምን አደራችሁ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል፤ ድንኳን አጣጥፉ።»

ታምሲን ዓይኗን ስትገልጥ አጠገቧ ያለው የመኝታ ከረጢት እንደተጠቀለለ ነው። ኔሪስ አልተመለሰችም። ማታ ድንኳኑ ማፍሰስ ሲጀምር «ቤት ገብቼ ትንሽ ሞቆኝ ልምጣ» ብላ ነበር የሄደችው። በታምሲን ስልክ ላይ መልእክት አለ፦ «እንቅልፍ ጣለኝ። ከጠየቁሽ ሽንት ቤት ናት በያቸው። እየመጣሁ ነው።»

በዊምብልደን የቴኒስ ውድድር የመግቢያ ሰልፍ ለሌላ ሰው ተራ አይያዝም። የተራ ቁጥር ያለበት አንድ ካርድ ለአንድ ሰው ነው፤ ሳያድር የተገኘ ካርዱን ይነጠቃል። ይህን ያህል ሰው ሣር ላይ ተኝቶ ጠብ የማይነሳው ሁሉም ይህችን ሕግ ስለሚያከብር ነው።

ከኋላዋ ሚስተር ፖኮክ ታጣፊ ወንበራቸው ላይ ዣንጥላ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከትናንት ቀትር ጀምሮ ጎረቤቷ ናቸው።

«ይሄ ዝናብ አይቆምም» አሉ። «ዛሬ ጣሪያ ካላቸው ከሁለቱ ሜዳዎች ሌላ የትም አይጫወቱም።»

«ድሮ ጣሪያ ሳይኖር ምን ታደርጉ ነበር?»

«ሸራ እናይ ነበር። እነሱ ሣሩን በሸራ ይሸፍናሉ፤ እኛ ቁጭ ብለን ሸራውን እናያለን። ባለቤቴ የቴኒስ ሳይሆን የሸራ ደጋፊ ነን ትል ነበር።» ጉልበታቸውን አሹት። «ዘንድሮ ብቻዬን ነኝ። ከእንግዲህ ይሄ ጉልበት መሬት ላይ የሚያድር አይመስለኝም።»

ታምሲን ፈገግ ለማለት ሞከረች።

ተራ አስከባሪዋ ደረሰች። «ለባለ ጣሪያዎቹ ሜዳዎች መግቢያ የቀረኝ ሁለት የእጅ ማሰሪያ ብቻ ነው። 986?»

«እኔ ነኝ» አለች ታምሲን።

«987?»

ትምህርት ቤት ምሳ አብራት የምትበላው ኔሪስ ብቻ ናት። «ሽንት ቤት ናት» አለች ታምሲን።

ተራ አስከባሪዋ የተጠቀለለውን ከረጢት አየችና ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባት፣ ልጅቷን አይተዋታል?»

ሚስተር ፖኮክ ማታ ኔሪስ ስትወጣ «እንዳያዳልጥሽ» ብለዋት ነበር። ካርዳቸው 988 ነው።

«ማታ እዚህ ነበረች» አሉ።

«እሺ፣ አሥር ደቂቃ እጠብቃታለሁ፤ ሁለቱንም ማሰሪያ ያኔ አስራለሁ። ካልመጣች ለእርስዎ ነው።»

ሄደች። ታምሲን ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። እሳቸው ግን ከፔርሙዛቸው ሻይ ቀድተው «ጠጪ፤ ከንፈርሽ ጠቁሯል» አሏት። ኩባያውን ተቀብላ ሳትቀምሰው ያዘችው።

ኔሪስ በስምንተኛው ደቂቃ እየሮጠች መጣች። ፀጉሯ ደርቆ ተበጥሯል፤ ሻምፑ ሻምፑ ትሸታለች። ተጫዋቾቹ ነጭ ካልሆነ ስለማይለብሱ እሷም ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሳለች።

«አልነቁብንም አይደል?» አለች በሹክሹክታ። «ፋዘሩ ምን ሆኖ ነው የሚያፈጥብኝ?»

«ዝም በይ፣ ኔሪስ።»

«እንዴ፣ ምን ሆነሻል? ገባን እኮ።»

ተራ አስከባሪዋ ስትመለስ ቀድማ እጇን የዘረጋችው ኔሪስ ናት። ማሰሪያው ነጭ እጅጌዋ ላይ ታሰረ። የመጨረሻው ቀረ።

«እጅሽን» አለቻት ታምሲንን።

ታምሲን ይህን ሜዳ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በቴሌቪዥን ስታየው ኖራለች። እውነቱን ብትናገር ኔሪስ ዳግመኛ አታናግራትም። ሚስተር ፖኮክ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ጉልበታቸውን እያስታመሙ፣ ወንበራቸውን ያጥፋሉ።

እጇን ከኪሷ አወጣች። ማሰሪያውን ግን አልተቀበለችም፤ ካርዷን ተራ አስከባሪዋ መዳፍ ላይ አስቀመጠች።

«ቀጣዩ ተራ የእሳቸው ነው» አለች።

«አንቺስ?»

የረጠበ ከረጢቷን ብብቷ ሥር ወሸቀች። ኔሪስ እጅጌዋን ልትይዛት ሞከረች፤ «ቆይ፣ ወዴት ነው? ምን አደረግኩሽ? ታምሲን!»

ታምሲን በተረገጠው ጭቃ ላይ፣ በሰልፈኞቹ መካከል፣ ወደ መንገዱ አቀናች። ዞር ብላ አላየችም።